ከሌላ መኪና መሪ ፈትቶ የራሱን መኪና የገጠመው ኮሊን ቻፕማን



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ ነገሥታት፣ ስለ አርበኞችና ስለ ሊቃውንት ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት በመኪና መለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት በጸሐፊነት ስለሆነ ብዕሬ የለመደው የቡሎንና የኩሽኔታ ቁጥር ነው። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አልዘለለም። ቢሆንም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዕቃ መስጫው መስኮት ጀርባ ተቀምጬ፣ የዚህ መኪና ዕቃ ለዚያ መኪና ይሆናል፣ አይሆንም እያሉ መካኒኮች ሲከራከሩ ስሰማ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ለዘንድሮው መጽሔት በዚህ ነገር በዓለም ስሙ የተጠራውን ሰው፣ የሎተስ መኪና ሠሪ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የኮሊን ቻፕማንን የሕይወት ታሪክ መርጫለሁ።

ቻፕማን የታወቀው ፈጣን የእሽቅድምድም መኪና በመሥራቱ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ለገበያ ያወጣቸውን መኪኖች ከምን እንደሠራ ነው። መሪውን ከአንዱ ፋብሪካ፣ ሞተሩን ከሌላው፣ የበሩን እጀታ ደግሞ ከሦስተኛው እያመጣ፣ እርስ በርስ እያላመደ፣ የማንንም የማይመስል አዲስ መኪና ያወጣ ነበር። በዚህ ብልሃት ተመሰገነ፤ በዚሁ መንገድ ላይ ደግሞ ሰው ተጎዳበት። ሁለቱንም ሳላዳላ ልንገራችሁ። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር ስጽፍ ዓ.ም. ብዬ እለያለሁ።

ልጅነቱና የመጀመሪያዪቱ መኪና

ኮሊን ቻፕማን በሜይ 19 ቀን 1928፣ ማለት ግንቦት 11 ቀን 1920 ዓ.ም.፣ ከለንደን አጠገብ ሪችመንድ በሚባል ቦታ ተወለደ። ያደገው ግን በሰሜን ለንደን ሆርንሴይ በሚባለው ሰፈር ሲሆን፣ አባቱ እዚያ ሬልዌይ ሆቴል የሚባል ሆቴል ያስተዳድሩ ነበር። ልጁ ከፍ ሲል በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ የምህንድስና ትምህርት ተማረ። የተማረው ስለ መኪና አልነበረም፤ ሕንጻና ድልድይ ሸክሙን እንዴት እንደሚችል የሚያስተምረውን ክፍል ነው። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ትመጣለች። በዚያው ጊዜ አውሮፕላን ማብረርም ተማረ።

ያን ጊዜ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ማለቁ ስለነበረ በእንግሊዝ አገር አዲስ መኪና ማግኘት ጭንቅ ነበር። ቻፕማን ተማሪ ሳለ ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆኖ አሮጌ መኪና እየገዛ፣ እያደሰ ይሸጥ ጀመር። ንግዱ ደርቶለት ሳለ በ1947 መንግሥት ለግል መኪና ይሰጥ የነበረውን የቤንዚን ራሽን አቋረጠ። ቤንዚን ከሌለ መኪና ማን ይገዛል? ያጠራቀመው ገንዘብ በኪሳራ አለቀ። ሳትሸጥ በእጁ የቀረችው በ1930 የተሠራች አንዲት ኦስቲን ሰቨን ብቻ ነበረች።

ታሪኩ የሚጀምረው እንግዲህ ከዚህችው ከተረፈች መኪና ነው። ሄዝል ዊልያምስ የምትባል እጮኛ ነበረችው። በወላጆቿ ቤት ጀርባ ባለው ጋራዥ ውስጥ መኪናዪቱን አስገብቶ፣ አሮጌውን አካል አውልቆ ጣለና ከኮምፔርሳቶና ከአሉሚኒየም ላሜራ የተሠራ ቀላል አካል አለበሳት። በ1948 ተሠርታ ያለቀችውን ይህችን መኪና ሎተስ ብሎ ሰየማት። ሎተስ የአበባ ስም ነው። ለምን ይህን ስም እንደመረጠ ግን ለሕዝብ ሳይናገር ሞቷል።

ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ በብሪቲሽ አሉሚኒየም ኩባንያ ተቀጠረ። ቀን ቀን የቅጥር ሥራውን ይሠራል፤ ማታና በዕረፍት ቀን ደግሞ መኪናውን ይሠራል። በጃንዋሪ 1 ቀን 1952 ሄዝል ባበደረችው ጥቂት ገንዘብ የሎተስን ኩባንያ አቋቋመ። ፋብሪካው ምን ይመስል ነበር ብትሉ፣ ከአባቱ ሆቴል ጀርባ ያለ የድሮ የፈረስ ጋጣ ነበር። በ1954 ሄዝልን አገባ፤ በዓመቱ የኩባንያ ሥራውን ለቅቆ ሙሉ ጊዜውን ለሎተስ ሰጠ። ሁለት ሴት ልጆችና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

የሌላውን ዕቃ መውሰድ ለምን አስፈለገ?

አንድ ትልቅ ፋብሪካ መሪ፣ ካምቢዮ፣ ሞተርና ፍሬን ለየብቻው ሲሠራ ለያንዳንዱ ማሽን ይተክላል፣ ቅርጽ ያወጣል። ይህ ወጪ ሚዛኑን የሚጠብቀው በመቶ ሺሕ የሚቆጠር መኪና ሲሸጥ ነው። በፈረስ ጋጣ ውስጥ ያለ ሰው ይህን ከየት ያመጣል? ስለዚህ ቻፕማን የራሱ የሆነውን ሻንሲውን ብቻ ሠርቶ፣ የቀረውን ሰዉ በየዕለቱ ከሚነዳቸው ርካሽ መኪኖች ወሰደ። በ1952 ለገበያ ባወጣት ማርክ ስድስት በምትባለው መኪና ላይ አብዛኛው ዕቃ የፎርድ ነበር። ገዢው ሻንሲውንና አካሉን ከሎተስ ይገዛል፤ የቀረውን ራሱ ፈላልጎ በቤቱ ይገጥማል። እኛ ሶማሌ ተራ ሄደን ዕቃ እንደምንፈልገው መሆኑ ነው።

ይህ አሠራር ሌላም ጥቅም ነበረው። የእንግሊዝ መንግሥት በአዲስ መኪና ላይ ከባድ የግዢ ቀረጥ ይጥል ነበር፤ ያልተገጠመ የመኪና ዕቃ ግን ቀረጥ የለበትም። እንዲያውም ከዕቃው ጋር የአገጣጠም መመሪያ ማውጣት ክልክል ስለነበረ፣ ሎተስ መኪናው እንዴት እንደሚፈታ የሚገልጽ ወረቀት ይሰጥ ነበር፣ ገዢውም ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እያነበበ ይገጥም ነበር ይባላል። በ1973 የቀረጡ ሕግ እስኪለወጥ ድረስ ብዙ ሰው መኪና ያገኘው በዚህ ዘዴ ነው።

ከገንዘቡ ሌላ የቻፕማን ትልቁ እምነት ክብደት መቀነስ ነበር። ሌሎቹ መኪና እንዲፈጥን ትልቅ ሞተር ሲጨምሩ፣ እሱ ከመኪናው ላይ ክብደት ይቀንስ ነበር። ትልቅ ሞተር ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ብቻ ያፈጥናል፤ ክብደት የቀነሰ መኪና ግን ሲነሣም፣ ሲቆምም፣ ሲታጠፍም ይቀለዋል። ድልድይ ሸክሙን በየት በየት እንደሚያወርድ መማሩ የጠቀመው እዚህ ላይ ነው። የማይሸከም ብረት ካየ ያነሣዋል፤ የሚሸከመውንም ቢሆን ያሳሳዋል። ምስጋናውም ወቀሳውም ከዚህች ልማዱ የመጣ ነው።

መሪው ከየት መጣ?

አሁን ወደ መሪው ልግባ። መካኒኮች ይህን ያውቁታል፤ ለሌሎቻችሁ ግን በአጭሩ ልግለጸው።

በድሮ መኪኖች የመሪው ዘንግ ወርዶ አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባል። በሳጥኑ ውስጥ እንደ ቡሎን የተጠማዘዘ ጥርስ አለ፤ እሱ ሲዞር አንድ ክንድ ይገፋል፣ ክንዱ ሌላ ዘንግ ይገፋል፣ ያም ሌላውን፣ በመጨረሻ ጎማው ይዞራል። በአዲስ አበባ ታክሲ የነበሩት ሰይቼንቶዎች እንዲህ ያለ ሳጥን ነበራቸው። መገጣጠሚያው በበዛ ቁጥር ልልነት ይበዛል፤ መሪውን ትንሽ ቢያዞሩት ጎማው ወዲያው አይሰማም። ሁለተኛው ዓይነት ቀለል ያለ ነው። በዘንጉ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ማርሽ ከመኪናው ግራ ወደ ቀኝ በተጋደመ ጥርሳም ዘንግ ላይ ትነክሳለች፤ ማርሿ ስትዞር ጥርሳሙ ዘንግ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ጎማውን ይዞ ይታጠፋል። ፔዦ 404 የነበራችሁ ይህንን ታውቁታላችሁ። ክብደቱ ያንሳል፣ ልልነቱም ያንሳል።

ቻፕማን በ1957 ባወጣትና ሎተስ ሰቨን በምትባለው መኪና ላይ በመጀመሪያ የመሪ ሳጥን ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ሞሪስ ማይነር ከምትባለው የቤተሰብ መኪና የተወሰደ ጥርሳም ዘንግ ተተካበት። በ1959 ደግሞ በኮቨንትሪ ከተማ ያለው የትራያምፍ ፋብሪካ ሄራልድ የምትባል ትንሽ መኪና አወጣ። የሄራልድ መሪ የተመሰገነ ነበር። መኪናዪቱ ሰባት ሜትር ተኩል በምታህል ክብ ውስጥ ዞራ ትመለሳለች፤ የመሪዋም ዘንግ አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ የሚገባ ስለሆነ እንደ ነጂው ቁመት ይረዝማል፣ ያጥራል። ግጭት ቢደርስም ዘንጉ ወደ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል እንደ ጦር የነጂውን ደረት አይወጋም። ያን ጊዜ ይህ በርካሽ መኪና ላይ የማይገኝ ነገር ነበር።

ቻፕማንና ሰዎቹ ይህን የሄራልድ ዕቃ ወደዱት። ከ1960 ጀምሮ በሎተስ ሰቨን ላይ ገባ። ከሁሉ የበለጠው ግን በ1962 የወጣችው ኤላን የምትባለዋ ናት። ኤላን ሁለት ሰው የምትይዝ ክፍት መኪና ስትሆን፣ አካሏ ፋይበር ግላስ፣ ሻንሲዋ በመሐል እንደ ጀርባ አጥንት የሚሄድ አንድ የላሜራ ሳጥን ነው። በንድፍ ሥራው ላይ ዋነኛ የነበረው ሮን ሂክማን የሚባል የደቡብ አፍሪቃ ተወላጅ ነው፤ በኋላ አናጢዎች የሚያውቁትን ተጣጣፊ የሥራ ጠረጴዛ የፈለሰፈው ይኸው ሰው ነው። የኤላን የሞተር አካል የፎርድ፣ ቴስታታው የሎተስ፤ የመሪው ጥርሳም ዘንግና የፊት እግሯ ዕቃ ደግሞ የትራያምፍ ነበር። ክብደቷ ሰባት መቶ ኪሎ አይሞላም። ከሽማግሌና ከአስተማሪ መኪና የተወሰደው ያ መሪ በቀላሏ በኤላን ላይ ሲገባ፣ በጊዜው ከነበሩት መሪዎች ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነው ተብሎ ተመሰከረለት። ዛሬም ቢሆን ይህን የሚሉ ብዙ ናቸው።

አንዳንድ ሰው ታዲያ ምን ያስመሰግነዋል፣ የሰው ዕቃ ፈትቶ መግጠም አይደለም ወይ ይል ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። መሪን ከአንድ መኪና ወደ ሌላ ለማላመድ ቢያንስ አራት ነገር መታየት አለበት። አንደኛ ቁመቱ ነው፤ በሄራልድ ላይ ነጂው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ በኤላን ላይ እግሩን ዘርግቶ ወደ ኋላ ጋለል ይላል፣ ስለዚህ ዘንጉ የሚመጣበት ርቀትና ማዘንበሉ ይለያያል። ሁለተኛ ጥርሱ ነው፤ ዘንግ ከዘንግ የሚነካከስበት ጥርስ በቁጥርም በስፋትም ካልተስማማ ሲጠብቅ የያዘ መስሎ በኋላ ይፈታል። ሦስተኛ መሐል ላይ ያለው መጋጠሚያ ነው፤ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ካልወረደ ተጣጣፊ መጋጠሚያ ያስፈልገዋል፣ መጋጠሚያውም ከልኩ በላይ ከታጠፈ መሪው አንዴ ይከብዳል፣ አንዴ ይቀላል። አራተኛው አቅጣጫ ነው። ከጎማው አክሰል በስተኋላ እንዲሆን የተሠራውን ጥርሳም ዘንግ አምጥተው በስተፊት ቢያስሩት፣ መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር ጎማው ወደ ግራ ይሄዳል! ማርሿ ከላይ የምትነክሰውን ከታች እንድትነክስ ገልብጠው ካልገጠሙት በቀር አይሆንም።

ይህ የመገልበጥ ነገር በሎተስ ቤት በሌላ ዕቃም ላይ መጥቷል። በ1966 ዩሮፓ የምትባለው ሎተስ ስትሠራ ሞተሯና ካምቢዮዋ ከፈረንሳዩ ሬኖ 16 ተወሰደ። በሬኖው ላይ ይህ ዕቃ የፊት ጎማ የሚነዳ ነው፤ ቻፕማን ግን ዞር አድርጎ ከነጂው በስተጀርባ አስቀመጠው። እንዲሁ ቢተውት ኖሮ መኪናዪቱ አንድ ማርሽ ወደ ፊት፣ አራት ማርሽ ወደ ኋላ ይኖራት ነበር። በዲፈረንሻሉ ውስጥ ትልቁን ማርሽ ወደ ተቃራኒው ጎን አዛውረው ነገሩን አቃኑት። በ1976 የወጣችው ኤስፕሪ ደግሞ የበር እጀታዋ ከሞሪስ ማሪና፣ ካምቢዮዋ ከሲትሮየን የመጣ ነበር። ይህችው መኪና በ1977 በጄምስ ቦንድ ፊልም ላይ ባሕር ውስጥ ገብታ ስትሄድ ታይታለች። ያ እጀታ የርካሽ መኪና እጀታ መሆኑን ስንት ተመልካች አወቀ?

የተሰበረው የመሪ ዘንግ

ምስጋናውን ከተናገርኩ ሌላውን ገጽ መግለጥ ይገባኛል።

ቻፕማን ከ1958 ጀምሮ ፎርሙላ አንድ በሚባለው የዓለም የእሽቅድምድም ውድድር ገባ። በሜይ 29 ቀን 1960 ስተርሊንግ ሞስ የሚባለው ስመ ጥር ነጂ ሎተስ 18 የምትባለውን መኪና ነድቶ በሞናኮ አሸነፈ፤ የሎተስ መኪና በዚህ ውድድር ድል ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነበር። ደስታው ግን ሦስት ሳምንት አልቆየም። በቤልጅግ አገር ስፓ በሚባለው አደገኛ ጎዳና ላይ ለውድድሩ ልምምድ ሲደረግ የሞስ መኪና የኋላ ጎማ ከነማሰሪያው ተሰብሮ ወጣ፤ ሞስም ሁለት እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ገባ። በዚያው ልምምድ ላይ ማይክ ቴይለር የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ ሌላ ሎተስ 18 እየነዳ ሳለ የመሪው ዘንግ ከብየዳው ላይ ተሰበረ።

እስቲ አስቡት። በዚያ ፍጥነት መሪውን ይዘው ሲያዞሩት መሪው ብቻውን ይዞራል፤ ጎማው አይሰማም። መኪናዪቱ ከመንገድ ወጥታ ዛፍ ውስጥ ገባች። ቴይለር ነፍሱ ተርፋ በጽኑ ቆሰለ፤ ሰውነቱም ሽባ ሆኖ ነበር። በኋላ መራመድ ቢችልም ዳግመኛ አልተወዳደረም። ጉዳዩን ወደ ሕግ ወስዶ ከሎተስ ካሣ አግኝቷል። በማግስቱ በተደረገው ውድድር ደግሞ ክሪስ ብሪስቶና አለን ስቴሲ የሚባሉ ሁለት ነጂዎች ሞቱ። ስቴሲ የሎተስ ነጂ ነበር፤ እሱን የገደለው ግን የመኪናው ጉድለት ሳይሆን ፊቱን የመታው ወፍ ነው። ብሪስቶ የነዳው የሌላ ፋብሪካ መኪና ነበር። እውነቱን ለመናገር የሁሉንም ሞት በቻፕማን ላይ መጫን አይገባም። የቴይለር የመሪ ዘንግና የሞስ ጎማ ግን የሎተስ ሥራ ናቸው።

ልብ በሉ፤ የመሪ ዘንግ ሲሰበር ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው በመሐሉ አይደለም። አንዱ ብረት ከሌላው በተያያዘበት፣ በብየዳው ወይም በመጋጠሚያው ላይ ነው። ብየዳ ከላይ ሲያዩት ያማረ ሆኖ ከውስጥ ያልያዘ ሊሆን ይችላል። ብረቱ ራሱ በሙቀት ምክንያት ከብየዳው አጠገብ ጠባዩ ይለወጣል። እየተጠማዘዘ፣ እየተመለሰ፣ እየተጠማዘዘ ሲኖር በዐይን የማትታይ ስንጥቅ ትጀምራለች፤ ስንጥቋም ቀስ እያለች ስትሄድ ቆይታ አንድ ቀን በድንገት ይለቃል። ወፍራም ብረት ይህን ጊዜ ያራዝመዋል። ክብደት ለመቀነስ ተብሎ የሳሳ ብረት ግን ለስሕተት የሚተርፍ ቦታ የለውም።

ድሉና ሐዘኑ

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት የቻፕማን የክብር ዓመታት ናቸው፤ ብዙ የተጻፈበት ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው። በ1962 በቱቦ ብየዳ የሚሠራውን የእሽቅድምድም መኪና ትቶ፣ እንደ አውሮፕላን አካል ከአሉሚኒየም ላሜራ የተሠራ መኪና አወጣ። በ1967 ሞተሩ ራሱ እንደ ሻንሲ ሆኖ የኋላ ጎማዎችን እንዲሸከም አደረገ። በ1977ና በ1978 ደግሞ በመኪናው ሆድ ስር የሚያልፈው ነፋስ መኪናውን ወደ መሬት እንዲስበው የሚያደርግ ዘዴ አመጣ። የሎተስ ቡድን በመኪና ሠሪነት ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከነጂዎቹም ጂም ክላርክ በ1963ና በ1965፣ ግራሃም ሂል በ1968፣ ዮኸን ሪንት በ1970፣ ኤመርሰን ፊቲፓልዲ በ1972፣ ማርዮ አንድሬቲ በ1978 ሻምፒዮን ሆኑ። ቻፕማን ነጂው አንደኛ ሆኖ ሲገባ ጥቁር ኮፍያውን ወደ ሰማይ ይወረውር ነበር። ፋብሪካውም ከፈረስ ጋጣው ወጥቶ በ1959 ወደ ቼስሀንት፣ በ1966 ደግሞ ኖርፎክ በሚባለው አገር ሄተል ወደሚባል የቀድሞ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ተዛወረ።

በዚያው መጠን ሐዘኑም በዛ። ከሁሉ አብልጦ ይወደው የነበረው ጂም ክላርክ በ1968 በጀርመን አገር ሲወዳደር ሞተ። በ1969 በባርሴሎና በግራሃም ሂልና በዮኸን ሪንት መኪኖች ላይ የተተከሉት ክንፎች ተሰብረው ሁለቱም ተጋጩ፤ ሪንት ቆሰለ። ሪንት ከዚህ በኋላ ለቻፕማን ደብዳቤ ጽፎ፣ መኪኖቹ ፈጣን መሆናቸውን ሳይክድ፣ ደካማ የሆነው ቦታ ሁሉ እንዲታይለትና በመኪናው እንዲተማመን እንዲደረግ ለመነው። በሴፕቴምበር 5 ቀን 1970 በጣሊያን አገር ሞንዛ ላይ ሲለማመድ የፊት ፍሬኑ ዘንግ ተሰብሮ ሞተ። እስከዚያ ቀን ያገኘውን ነጥብ ማንም ስላልደረሰበት ከሞተ በኋላ ሻምፒዮን ተባለ። በዚህ ውድድር ታሪክ ከሞተ በኋላ ሻምፒዮን የሆነ ሰው እሱ ብቻ ነው። ዋንጫ ከሬሳ ሣጥን በኋላ ሲመጣ ምን ደስታ አለው?

የመጨረሻው ሒሳብ

እኔ ጸሐፊ ነበርኩና የሚቀጥለው ነገር ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። በ1978 ጆን ዴሎሪያን የሚባል አሜሪካዊ በሰሜን አየርላንድ በቤልፋስት አጠገብ የመኪና ፋብሪካ ለማቋቋም ከእንግሊዝ መንግሥት ብዙ ገንዘብ አገኘ። ሥራ አጥ ለበዛበት አገር ትልቅ ተስፋ ነበር። መኪናውን አስተካክሎ ለፋብሪካ የማብቃቱን ሥራ ለሎተስ ሰጠ። ሎተስም ለራሱ መኪና በለመደው በጀርባ አጥንት ሻንሲ ላይ ሠራው።

ገንዘቡ ግን በቀጥታ ወደ ሎተስ አልሄደም። በፓናማ በተመዘገበ አንድ ስሙ የማይታወቅ ድርጅት በኩል አለፈ፤ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚሆነውም በመንገድ ላይ ቀረ። የቤልፋስቱ ፋብሪካ በ1982 ከሰረ፤ ሠራተኛውም ተበተነ። ምርመራው ሲጀመር ቻፕማን በዲሴምበር 16 ቀን 1982፣ ማለት ታኅሣሥ 7 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ በኖርፎክ በመኖሪያ ቤቱ በልብ ድካም በድንገት ሞተ። ዕድሜው 54 ዓመት ነበር። በ1992 የሎተስ የገንዘብ ኃላፊ የነበረው ፍሬድ ቡሽል ጥፋቱን አምኖ ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ዳኛውም ቻፕማን በሕይወት ኖሮ ቢቀርብ ኖሮ ከአሥር ዓመት የማያንስ እስራት ይጠብቀው እንደነበር ተናገሩ።

ሙት ወቃሽ አትሁኑ ይባላል፤ ዕድርተኛ ደግሞ ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃል። እኔም የምወቅሰው ሰውየውን አይደለም፤ የሠራውን ነገር ነው የምመረምረው። የመሪ ዘንግ የሚሰበረው በመጋጠሚያው እንደሆነ ሁሉ፣ ገንዘብም የሚጠፋው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ሲተላለፍ ነው። ከፋዩም በመዝገቡ ላይ ከፍያለሁ ይላል፤ ተቀባዩም አልደረሰኝም ይላል፤ በመሐል ያለችው መጋጠሚያ ናት የማትታየው። በእኛም ዕድር ገንዘብ ያዡ ሲቀበል ደረሰኝ የሚቆርጠው፣ ተቆጣጣሪውም በየጊዜው መዝገቡን የሚያየው ሰውን በመጠርጠር አይደለም። መጋጠሚያው እንዲታይ ነው።

ለእኛ የሚተርፈው

ቻፕማን ከሞተ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። መኪኖቹ ግን ዛሬም አሉ። ሎተስ ሰቨንን የመሥራት መብት በ1973 ለኬተራም ኩባንያ ተሸጦ፣ መኪናዪቱ እስከ ዛሬ ትሠራለች። የኤላንን ፈለግ ተከትለው ጃፓኖች በ1989 ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 የምትባለውን አወጡ፤ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ የተሸጠች ክፍት የስፖርት መኪና ሆነች። አሮጌ ኤላን፣ አሮጌ ትራያምፍና አሮጌ ሎተስ ሰቨን ያላቸው ሰዎችም እስከ ዛሬ የመሪ ዕቃ ከአንዱ ወደ አንዱ እያላመዱ ይነዳሉ። የቻፕማን ብልሃት ለነሱም ተረፈ ማለት ነው።

በእኛም ሰፈር አሮጌ መኪና የሚነዱ፣ በመኪናቸውም ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አባሎች አሉ። ዕቃው ከገበያ ሲጠፋ የሌላ መኪና መሪ ማስገጠማቸው አይቀርም። ለነሱ ከዚህ ታሪክ ጥቂት ምክር ላውጣ። የመሪ ዘንግ አጠረ ብሎ ቆርጦ መቀጠል ካልቻሉ በስተቀር መሸሽ ያለበት ነገር ነው፤ ከተቻለ ልኩ የሆነውን ሙሉውን ዘንግ መፈለግ ይሻላል። የግድ ብየዳ ከሆነም በእርግጥ ለሚያውቅ ባለሙያ መስጠት እንጂ ለርካሽ ብሎ ለማንም መስጠት አይገባም። ከ1968 ጀምሮ በአሜሪካ አገር የሚሸጡ መኪኖች በግጭት ጊዜ የሚታጠፍ ወይም የሚገባ የመሪ ዘንግ እንዲኖራቸው በሕግ ስለታዘዘ፣ ከዚያ ወዲህ በተሠሩ ብዙ መኪኖች ላይ ይህ ዓይነት ዘንግ አለ። ይህን ዘንግ በብየዳ አንድ ወጥ ካደረጉት ደረትን ለማዳን የተሠራው ነገር መልሶ ጦር ይሆናል። ጥርስ ከጥርስ የሚነካከስበት ቦታ ማጥበቂያ ቡሎኑ መኖሩንና መጥበቁን ማየት፣ ጋራዥ በተገባ ቁጥርም ከታች መብራት አድርጎ ስንጥቅ መፈለግ ጥሩ ነው። መሪው ልል ሲል፣ ሲንኳኳ ወይም አንዴ ከብዶ አንዴ ሲቀል፣ ነገ አሳየዋለሁ ማለት አይገባም።

ኮሊን ቻፕማን ከተረፈች ከአንዲት አሮጌ መኪና ተነሥቶ፣ ከዚህም ከዚያም ዕቃ አገጣጥሞ፣ ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ቡድን አቆመ። ይህን የሚያህል ሥራ በ54 ዓመት ዕድሜ መሥራት ለጥቂቶች ብቻ የተሰጠ ነው። ያለውን አላምዶ መሥራት ከእሱ የምንማረው ነው። መጋጠሚያውን ሳይመረምሩ ሰው አለማስቀመጥ ደግሞ ከማይክ ቴይለርና ከዮኸን ሪንት የምንማረው ነው። ሁለቱ ትምህርት አንድ ላይ ቢያዝ መልካም ነው እላለሁ።